ለቅዳሜ አጥቢያ

ዓርብ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ፣ ከቦሌ መድኃኔ ዓለም ካቴድራል ብዙም በማይርቅ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ተቀምጠን፣ በማግስቱ እንግዳችንን እንጦጦ አውጥተን ከተማውን ቁልቁል ለማሳየት፣ ከሰዓት በኋላም ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያለውን ሙዚየም ለማስጎብኘት ስንመካከር ሳለን፣ ከመካከላችን በነገር ሁሉ ጥንቁቅ የሆነችው መሐንዲሷ ወዳጃችን የጉዞ ወረቀቱን ከእጁ ተቀብላ ጥቂት ከተመለከተችው በኋላ የማኪያቶ ብርጭቆዋን ቀስ ብላ አስቀመጠችና «የምትሄደው እኮ ዛሬ ነው» አለችው።

በወረቀቱ ላይ የሰፈረው «ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 7፣ 00:15» የሚል ነበር። እንግዳችን ከሊዝቦን የመጣ የከተማ ፕላን መምህር ሲሆን፣ ይህን ጽሕፈት ሲያነብ ቅዳሜን ከእኛ ጋር ውሎና አምሽቶ መንፈቀ ሌሊት ላይ የሚነሣ መስሎት ኖሯል፤ እኛም «ቅዳሜ ሌሊት እሄዳለሁ» ሲለን የቅዳሜን ምሽት ተከትሎ የሚመጣውን ሌሊት አሰብን እንጂ ወረቀቱን እናንብብ ያለ ሰው አልተገኘም። ስሕተቱ ከእርሱ ይልቅ እኛን የሚያሳፍር ነው፤ ምክንያቱም በየአገሩ ያለ መንገደኛ ለሚሰናከልበት ለዚህ ጉድጓድ የእኛ ቋንቋ ከጥንት ጀምሮ መክደኛ አበጅቶለታል። አባቶቻችን ዓርብ መሽቶ ቅዳሜ እስኪነጋ ያለውን ሌሊት ላለፈው ቀን ሳይሆን ለሚመጣው ቀን ሰጥተው «ለቅዳሜ አጥቢያ» ይሉታል፤ ስለዚህም አንድ ባላገር «ለቅዳሜ አጥቢያ ተነሥቼ ገበያ ወረድሁ» ቢል የትኛው ሌሊት እንደ ሆነ የሚጠራጠር አድማጭ የለም። እኛ ከተሜዎቹ ግን ቃሉን ለአጥቢያ ቤተ ክርስቲያንና ለአጥቢያ ኮከብ ብቻ ትተን «ዓርብ ሌሊት፣ ቅዳሜ ሌሊት» እያልን እንደ ባዕድ ሰው መደነባበር ጀምረናል።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ አለ። የእኛ ሰዓት ፀሐይ ስትወጣ መቈጠር ስለሚጀምር፣ 00:15 የተባለው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ15 ደቂቃ፣ ዲሴምበር 7 የተባለውም ኅዳር 28፣ 2024 የተባለውም 2017 ነው፤ አንድ አውሮፕላን ከአንድ መሬት አንድ ጊዜ ሲነሣ በሰዓት፣ በቀንና በዓመት ሁለት ሁለት ስም ይዞ ይነሣል ማለት ነው። ወዳጄ ይህን ስንተነትንለት ደብተሩን አውጥቶ «አጥቢያ» የሚለውን ቃል በፊደሉ አጻፈኝ፤ ከዚያም፣ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ አውሮፕላን ማረፊያ መድረስ ስለሚገባው፣ በእጃችን የቀረው ልክ 12 ሰዓት መሆኑን ቈጠርን።

መኪናውን ይዞ የመጣው የመሐንዲሷ የእኅት ልጅ፣ እንደ ዕድሜው ፈጣን የሆነ ወጣት፣ ወዲያው ነገሩን በጦር ሰፈር ሥርዓት አቀናጀው። «ጋሼ፣ በ4 እንጦጦ፣ በ6 ሙዚየም፣ በ8 መርካቶ፤ መንገዱ ካልተዘጋጋብን እንደርሳለን» አለኝ። እንግዳችን ትርጕሙ ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሥራ ምክንያት ከሆቴሉ ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ሆቴሉ ሲመላለስ እንደ ነበረ፣ ድንቅነሽንም በመጀመሪያው ሰንበት እንዳያት ካስታወሰን በኋላ፣ «እናንተ ማታ ማታ የምትገቡበትን አገር ግን አላየሁትም፤ እርሱን አሳዩኝ» አለን።

ይህ አባባል ለእኔ ከአንድ ትምህርት አልተለየብኝም። ስለ አዲስ አበባ የተጻፈ የጎብኚ መጽሐፍ ሁሉ ከእንጦጦ ይነሣና በፍል ውሃ፣ በአራዳ፣ በስድስት ኪሎ አልፎ መርካቶ ሲደርስ ያበቃል፤ ይህም የሆነው ከተማው በ1879 ዓ.ም. ሲቈረቈር ከእንጦጦ ወርዶ በፍል ውሃ ዙሪያ ስለ ተተከለ፣ ታሪኩም በዚያው ስለ ቀረ ነው። ምሥራቁ ግን፣ ቦሌ፣ ገርጂ፣ ጉርድ ሾላ፣ ሲኤምሲ፣ አያት የተባለው ሁሉ፣ አብዛኛው በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ከእርሻና ከግጦሽ ላይ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ጎብኚው አልጋውንና እራቱን ብቻ ይፈልግበታል። ፈረንጅ በቦሌ ይገባል፣ በቦሌ ያድራል፣ በቦሌ ይወጣል፤ ቦሌን ግን አያይም። የከተማው ሰው በብዛት የሚኖረው ወዲህ እየሆነ መሄዱን ስናስብ፣ እኛም ራሳችን እንግዳ በመጣ ቍጥር ወደ አያቶቻችን ሰፈር ስንሮጥ በራሳችን ደጅ እንደምናፍር ገባኝ።

ስለዚህ በእግራችን ጀመርን። ቀኑ 27 ስለ ነበረ የካቴድራሉ ዙሪያ ነጠላ በለበሰ ሕዝብ ተሞልቷል። እንግዳችን፣ የወሩ ሃያ ሰባተኛ ቀን ምን የተለየ ነገር እንዳለው ቢጠይቀን፣ በቤተ ክርስቲያናችን ትውፊት ጌታ የተሰቀለው በመጋቢት 27 ቀን እንደ ሆነ፣ ዕለቲቱ ግን በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለምትውል ክብረ በዓሉ ወደ ጥቅምት 27 ተዛውሮ እንደሚከበር፣ ወርኃዊው መታሰቢያም ዓመቱን በሙሉ እንደማይቋረጥ ነገርነው። ቅዳሴው፣ ጾመ ነቢያት በመሆኑ፣ ገና አልተገባም ነበር፤ ቢሆንም በቢሮ የሚፈለግ ደብዳቤ በብብቱ ያቀፈ ጐልማሳ፣ የሆቴል አስተናጋጅ መለያ ልብስ የለበሰች ልጅ፣ ባለ ታክሲ፣ ሁሉም ከመንገዳቸው ጥቂት ገለል እያሉ ደጁን እየተሳለሙ፣ በግንባራቸውና በከንፈራቸው ግድግዳውን ነክተው ወደ ጉዳያቸው ይመለሳሉ። መምህሩ ይህን ረዥም ጊዜ ሲመለከት ቆየና በከተማው ፕላን ላይ ቅጥሩና በሩ እንጂ ይህ የሰው ጅረት እንደማይታይ ተናገረ። በደጁ ሲወጣ አንዲት አሮጊት «ስለ መድኃኔ ዓለም» ብለው እጃቸውን ዘረጉለት፤ ሰጥቶ ምርቃታቸውን ጎንበስ ብሎ ተቀበለ፤ ይህን ማንም አላስተማረውም።

ጥቂት እንደ ሄድን አንድ ደላላ መሳይ ጐበዝ ወደ እንግዳችን ቀረብ ብሎ፣ ከአያቱ የወረሰው የብራና መጽሐፍ እንዳለው በሹክሹክታ አጫወተው። መሐንዲሷ በአንድ እይታ አባረረችው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅን የሚመለከተው የ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 209 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል፤ ጽላትና መስቀል፣ ብራናና ሥዕል ስንት ዘመን እንደ ሸሸ የሚያውቅ ሰው በዚህ ነገር ላይ ቀልድ አያውቅም።

ከዚያ ሾላ ገበያ ሄድን። የጾም ወራት ስለ ሆነ የቅቤው መደዳ ጭር ብሏል፤ በርበሬው፣ ሽሮው፣ ኮረሪማው፣ ነጭና ጥቍር አዝሙዱ፣ በሶብላውና ጦስኙ ግን በየማዳበሪያው አፉን ከፍቶ ተደርድሯል፤ እንግዳችንም ከበርበሬው መደዳ እስክንወጣ ሳያቋርጥ አስነጠሰ። የተመለከተችው ነጋዴ ሁሉ «ይማርህ» ስትለው ቃሉን አጠና። የገዛው አንዲት ጥቍር ጀበና ብቻ ነው። «እስከ ሊዝቦን ሳይሰበር?» ብንለው፣ ሻንጣው ሁለት እንደ ሆነ፣ እያንዳንዱም 23 ኪሎ ድረስ እንደሚፈቀድለት፣ ግማሹም ባዶ እንደ ሆነ መለሰልን፤ ነገር ግን የሻንጣው ባዶነት የአገራችንን እናቶች ሳያውቅ የተናገረው ነገር መሆኑ ከሰዓት በኋላ ታየ። በገበያው ጥግ ባለች ምግብ ቤት በየዓይነቱ በላን፤ የሱፍ ፍትፍቱን አስደገመ።

ከመገናኛ እስከ አያት በባቡር እንሂድ ያልሁ እኔ ነኝ። ይህ በከተማው ላይ የተዘረጋ የቀላል ባቡር መሥመር በቻይና መንግሥት ባንክ ብድርና በቻይና ተቋራጭ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረ ሲሆን፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ክፍል ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች 17 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በመጀመሪያ 41 ባቡሮች ቢገቡለትም በመለዋወጫ እጦት ብዙዎቹ እየቆሙ በመሄዳቸው ዛሬ ተሳፋሪው እንደ ሰርዲን ተጠባብቆ የሚሄድበት ሆኗል። እኛም በአንድ እግር ቆመን ሄድን ማለት ይቻላል። ሆኖም ከሠረገላው መስኮት የሚታየው፣ ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ዳርና ዳሩ የተጠረገው መንገድ፣ ያላለቀ ፎቅ፣ የእንጨት መወጣጫ፣ ከዚያም ከጀርባው የየካ ተራራ፣ ለአንድ የከተማ ፕላን መምህር ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሲኤምሲ ስንደርስ ስሙ ከየት እንደ መጣ ጠየቀ፤ በዚያ ስፍራ ቤት የሠራ የኢጣልያ የሥራ ተቋራጭ ድርጅት ስም ምኅጻረ ቃል መሆኑን ስንነግረው፣ ኩባንያው ሄዶ ስሙ ሰፈር ሆኖ መቅረቱ እጅግ አስደሰተው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ገርጂ፣ ከመሐንዲሷ እናት ቤት ደረስን። ወጣቱ በመንገድ ላይ አስጠንቶት ስለ ነበር እንግዳችን ከደጁ ቆሞ «ቤት ለእንቦሳ» አለ፤ እማማም ከውስጥ «እንቦሳ እሰሩ» ብለው መልሰው፣ ድምፁ የፈረንጅ መሆኑን ሲያውቁ ሣቃቸው ሳሎኑን ሞላው። ቤቱ በሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የጋራ መኖሪያ ቤት ነው። መንግሥት በ1990ዎቹ አጋማሽ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን በብዛት ለመሥራት ሲነሣ ለሙከራ የመረጠው ይህንኑ የቦሌ ገርጂ አካባቢ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ኮንዶሚኒየም የሚለው የባዕድ ስም ወደ ሰሚት፣ ወደ አያት፣ ወደ ቦሌ አራብሳ ተስፋፍቶ፣ ሰውም ቤቱን የሚያገኘው በዕጣ ስለ ሆነ «ደረሰኝ» እና «አልደረሰኝም» የሚሉት ቃላት ከቤተ ዘመድ ጨዋታ የማይጠፉ ሆኑ። ሰው ሁሉ ከየሰፈሩና ከየዕድሩ ተነቅሎ በዕጣ በአንድ ደረጃ ላይ ሲገናኝ ምን ይሆናል ብሎ መምህሩ ጠየቀ። እማማ ጥያቄው ሲተረጐምላቸው፣ የታችኛው ፎቅ ጎረቤት ሙቀጫ፣ የፊት ለፊቷ ደግሞ ረከቦት በዕለቱ እንዳዋሱአቸው በጣታቸው አሳዩት፤ ከዚህ በላይ ማብራሪያ አልጨመሩም።

ቄጤማው ተጐዝጕዟል፤ ዕጣኑ ይጤሳል። ነገር ግን አንድ ጭንቀት ነበረ። አቦሉ ሲቀዳ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ከቶናው በፊት ደግሞ ጀበናው እንደ ገና መጣድ፣ በረካውም በተራው መፍላት አለበት፤ ወጣቱም ሰዓቱን በየደቂቃው ያያል። መሐንዲሷ ለእናቷ በጆሯቸው ብትነግራቸው፣ «በረካውን ሳይጠጣ የሚሄድ ምን በረከት ይዞ ይሄዳል?» አሉና እሳቱን እፍ አሉ። በዚህ መካከል ከቤቱ በላይ አንድ ታላቅ ድምፅ መጣ፤ እማማ የጀመሩትን ዐረፍተ ነገር ከመካከሉ አቁመው፣ ሲኒውን በእጃቸው እንደ ያዙ፣ ድምፁ አልፎ እስኪጠፋ ጠበቁና ካቆሙበት ቃል ቀጠሉ። የቤቱ ሰው ሁሉ እንዲሁ ያደርጋል። በገርጂ ሰው ከአውሮፕላን ጋር አይጯጯህም።

«ለምን እስከ ገና አይቆይም?» አሉ እማማ። ጥያቄው እውነተኛ እንጂ የይሉኝታ አልነበረም። እኔም ለእንግዳችን፣ በጥንት ዘመን ቢሆን ኖሮ ይህ የእማማ ቃል ዐዋጅ ሊሆንበት ይችል እንደ ነበር አጫወትሁት። የገዛ አገሩ ሰው ፔሮ ዳ ኮቪልያ፣ በ1487 እ.ኤ.አ. ከፖርቱጋል ንጉሥ ከዳግማዊ ዡዋው ተልኮ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዐፄ እስክንድር ዘመን ወደ ኢትዮጵያ ቢገባ፣ ንጉሡ ሞቱ፤ ተከታዮቻቸውም ርስትና ሚስት ሰጥተው አክብረው አኖሩት፤ እንዲሄድ ግን አልፈቀዱለትም። በ1520 እ.ኤ.አ. አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያሉበት የፖርቱጋል መልእክተኛ ጓድ ሲደርስ ከልጆቹ ጋር ሸምግሎ አገኙት፤ ያም ጓድ ራሱ አገሩን የለቀቀው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1770 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገብቶ በ1771 መጨረሻ እስኪወጣ ድረስ ለመግባቱ ሳይሆን ለመውጣቱ ፈቃድ ሲለምን ደክሟል። ያን ጊዜ የእንግዳ የመጨረሻ ቀን በእንግዳው እጅ አልነበረም። ወዳጄ ሣቀ፤ ቀጥሎም፣ ኮቪልያ ርስቱና ሚስቱ ከተሰጡት በኋላ ይህን ቡና ይጠጣ እንደ ነበር ጠየቀኝ፤ እኔም በቤተ መንግሥት የሚጠጣው ጠጅ ነበር እንጂ ቡናውን ስለ መጠጣቱ እማኝ እንደማልሆን ነገርሁት።

በረካው ተጠጣ። ከዚያ እማማ ከጓዳ ያወጡት ነገር፣ አንድ ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተቈላና ያልተቈላ ቡና፣ በመጨረሻም አንድ ጋቢ፣ በሻንጣው ውስጥ ባዶ ያለውን ስፍራ ሁሉ ያዘ። ጀበናው በጋቢው ተጠቀለለ።

ከማምሻው 2 ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ቆመን ሳለን መሐንዲሷ ስለ አውሮፕላኑ አስረዳችው። ቀድሞ የከተማው ማረፊያ ልደታ ነበር፤ በ1962 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 ጄቶችን ሲያስመጣ ያ ሜዳ ስላልበቃቸው ቦሌ ተሠራ፤ ያን ጊዜ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም የነበረው ይህ ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2334 ሜትር ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ክንፉ በቂ ኃይል እስኪያገኝ አውሮፕላኑ ብዙ መሮጥ አለበት፤ ስለዚህም ማኰብኰቢያው 3800 ሜትር ያህል ረዥም ሆነ፤ ወደ አሜሪካ የሚሄዱ አንዳንድ በረራዎችም ነዳጅ ሞልተው መነሣት ስለሚከብዳቸው ሲሄዱ በመንገድ አርፈው ነዳጅ ይጨምራሉ፤ ሲመለሱ ግን በቀጥታ ይመጣሉ። ሌሊቱ ደግሞ ይቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፤ ለመነሣትም ይረዳል። የሰዓቱ ዋና ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ በቀን ከአፍሪካ ከተሞች የሚመለሱት አውሮፕላኖች ተጓዡን ማታ ቦሌ ላይ ያራግፉታል፤ ሌሊት ወደ አውሮፓ የሚነሡት ይረከቡታል፤ ጧትም ከአውሮፓ የመጣው ወደ አፍሪካ ይበተናል። ከዚህ የተነሣ የብዙ እንግዳ የመጨረሻ ቀን ከሆቴል ክፍሉ በቀትር ወጥቶ እስከ መንፈቀ ሌሊት ቤት የሌለው ሆኖ ይቀራል፤ ያን ቀን የሚያስተናግዱት ወዳጆቹ ናቸው። ወደ ፊት ከቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደው ታላቅ ማረፊያ ሲያልቅ ይህ የስንብት ነገር ሁሉ ወደዚያ ሊዛወር ነው።

በ3 ሰዓት ከመኪና ማቆሚያው ደረስን። መንገደኛ ካልሆነ በቀር ወደ ውስጥ የሚገባ ስለሌለ፣ የአዲስ አበባ ሰው ለቅሶውንም ሣቁንም የሚጨርሰው በዚህ አስፋልት ላይ፣ በሻንጣ ጋሪዎች መካከል ነው። በአጠገባችን አንድ ቤተሰብ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ልጅ ከብቦ ቆሟል፤ አባቷ የፓስፖርቷን ቦርሳ ደጋግመው ያስሩላታል። እኛም አቀፍነው። ወጣቱ «ይመለሱ፣ እንጦጦ አለብን» አለው። እንግዳችን ያጠናውን ቃል ሲፈልግ ቆየና «ደህና ሰንብቱ» አለን። ይህን ቃል በየቀኑ ስንለው ሰንበትን በውስጡ እንደ ያዘ አናስተውልም፤ «ሰነበተ» ማለት ከሰንበት እስከ ሰንበት ቆየ ማለት ነው፤ «መሰናበት»ም ሁለት ሰዎች አንዱ ለሌላው ሰንበቱን መመኘታቸው ነው። ሌሊቱ ደግሞ የቀዳሚት ሰንበት አጥቢያ ነበር። ይህን ልነግረው ስል በሩ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ጋቢው የበዛበት ሻንጣ ከኋላው ይንገዳገዳል።

መሐንዲሷን ከቤት ለማድረስ ገርጂ ስንመለስ ትንሽ ተጫውተን አመሸን። እማማ አልተኙም፤ ነጠላቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ቆመዋል። የበኵር ልጃቸው ወደ ውጭ ከሄደ 12 ዓመት ሆኖታል፤ ይህች በረንዳ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እንደ ጸሎት ቤት ናት። ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ አንድ አውሮፕላን ተነሣ፤ «በሰላም ግባ» አሉት። ሌላው ተነሣ። «እማማ፣ የእርሱ ገና ነው፤ 6 ሰዓት ከሩብ ነው» አለቻቸው ልጃቸው። «የትኛው እንደ ሆነ እኔ በምን አውቃለሁ» አሉና፣ ለሦስተኛውም እንዲሁ እጃቸውን አንሥተው ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁ።